የጥሪኟ እንቅልፍ ጠባቂ

የልጄ የናኦሚ አስተማሪ ለፋሲካ ዕረፍት የቤት ሥራ ሰጥታ ሰደደቻት፤ የዱር እንስሳት እንዴት እንደሚተኙ ጠይቃችሁ ኑ የሚል። ዕረፍቱን የምናሳልፈው ነቀምቴ፣ እናቴ ቤት ነበር። ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ እርሳሷን እያኘከች «እማ፣ አንቺ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

አውቃለሁ። የማላውቀው ነገር ብዙ ነው፤ ይህን ግን አውቃለሁ። ጉማሬ ውሃ ውስጥ ይተኛል፤ አየር ሲያጥረው ሳይነቃ አፍንጫውን ብቅ አድርጎ ተንፍሶ ይመለሳል። ዝንጀሮ ነብር የማይደርስበት ገደል ላይ ቁጭ እንዳለ ያድራል፤ መቀመጫው ላይ ያለው ደረቅ ቆዳ ፍራሹ ነው። ከርከሮ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው የኋሊት ነው፤ የመጣ ቢመጣ በር ላይ በጥርሱ ሊቀበለው። ድኩላ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር በቅጡ የላትም፤ ዓይኗ ቢከደንም ጆሮዋ ነቅቶ ይጠብቃል።

ናኦሚ እየተጣደፈች ጻፈች። «ይህን ሁሉ ማን ነገረሽ?»

«አባቴ» አልኳት።

ወጥ ቤት ውስጥ እናቴ ሳህን ታጥብ ነበር። የውሃው ድምፅ ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ።

አባቴ ገለታ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ገጠር ሲወጣ ሁሉም «ዶክተር» ነው የሚለው፤ እሱም ዶክተር አይደለሁም ብሎ ሰውን አያስቀይምም። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ቀይ ሞተር ነበረው፤ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለው ቤታችን ግቢ ውስጥ ሲያቆመው ሁልጊዜ እያንፏቀቀ ወደ ኋላ አስገብቶ ፊቱን ወደ በሩ ያዞረዋል። «ልክ እንደ ከርከሮ» እለዋለሁ፤ ይስቃል። ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ለመውጣት የሚያመች አቋቋም መሆኑን ለማስተዋል ሌላ አሥር ዓመት ያስፈልገኝ ነበር።

እናቴ ሸዋረገድ ከፍቼ ከተማ ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነበር፤ ኦሮምኛው የደጅ፣ የገበያና የአባቴ ዘመዶች ነበር። እናቴ ኦሮምኛ ሲወራ ፈገግ ብላ ታዳምጣለች እንጂ አትመልስም፤ ስለዚህ እኔም አባቴም አትሰማም ብለን እናስብ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ ወደ አርጆ ይወጣል። ለጉዞው የምታሰናዳኝ እናቴ ናት። ሹራቤን እስከ አንገቴ ትቆልፋለች፣ ጠጉሬን በሻሽ ታስራለች፣ አንስታም ከአባቴ ፊት ቤንዚን መያዣው ላይ ታስቀምጠኛለች። አንዳንድ ቅዳሜ አባቴ «ዛሬ ሰማዩ አላማረኝም፤ ትቅር» ይላል። እናቴ ቀና ብላ ሰማዩን ታያለች። «ይዘሃት ሂድ። ከአባቷ ጋር ብትውል ትማራለች እንጂ አትጎዳም» ትለዋለች። ጉንፋን ይዞኝ እንኳ አልቀረሁም። እንዲህ የምትወደኝ እናት በሰፈሩ የለችም ብዬ አምን ነበር።

መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ወርካ ሥር ሞተሩን ያጠፋል። ላዩ ላይ ጉሬዛዎች አሉ። ቅጠል ለመፍጨት ጊዜ ስለሚወስድባቸው ከቀኑ የሚበዛውን የሚያሳልፉት በእረፍት ነው፤ ቅርንጫፍ መንታ የሆነበት ቦታ ተቀምጠው፣ ነጩ ጅራታቸው ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ያንቀላፋሉ። «አየሽ፣ ሁሉም አንድ ላይ አይተኙም» ይለኛል አባቴ በጆሮዬ። «አንዱ ሁልጊዜ ነቅቶ ይጠብቃል። ያ አንዱ ከሌለ ቤተሰቡ የለም።» ትንፋሹ ጆሮዬን ይኮረኩረኛል። በዓለም ላይ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ብዙ አላውቅም።

አርጆ ሳንደርስ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ በቡና የተከበበ ግቢ አለ። ፊት ለፊት ቆርቆሮ የለበሰች ቤት፣ ከጀርባዋ ደግሞ መስኮት የሌላት ክብ ጎጆ። ጎጆዋ የጥሪኝ ቤት ናት። ያገሩ ሰው ጥሪኝን ከጫካ አጥምዶ በእንጨት በተሠራ ጠባብ ማጎሪያ ያኖረዋል፤ ገንፎና ሥጋ እያበላ፣ እሳት እያነደደ ያሞቀዋል፤ ከጅራቱ ሥር የሚወጣውን ዝባድ እየፋቀ በቀንድ ውስጥ ያጠራቅማል። ሽቶ የሚሠሩ ሰዎች የሚፈልጉት እሱን ነው።

የጥሪኝ ቤት ሕግ አለው። ባዕድ አይገባበትም። ውስጥ የታየ ውጭ አይወራም። ከተወራ ዓይን ይገባበታል፤ እንስሳው እንቅልፍ ያጣል፣ ዝባዱ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ይህን አባቴ አልፈጠረውም። ጥሪኝ ያላቸው ሁሉ የሚሉት ነገር ነው። አባቴ ሕጉን ተዋሰው እንጂ።

የግቢው ባለቤት አስካለ ትባላለች። ጥሪኙን ከሟች አባቷ ነው የወረሰችው። ረጅም፣ ፍንጭት፣ በትንሽ በትልቁ የምትስቅ ሴት ነበረች። መጀመሪያ የሄድን ቀን «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ» ብላ፣ ነይ ልጄ ማለቷ ነው፣ ግንባሬን ሳመችኝና ራቅ አድርጋ ፊቴን አየችው። ፊቴ ላይ የሆነ ነገር የምትፈልግ ነበር የሚመስለው። ከዚያ በቅቤ የራሰ ትኩስ አንጮቴ፣ የወለጋን ሥራ ሥር፣ አቀረበችልኝ፤ ራሷም ከትልቅ ጣባ ትበላ ጀመር።

አንጮቴ ለተሰበረ አጥንት መድኃኒት እንደሆነ ከአባቴ እናት ሰምቼ ነበር። አዘንኩላት።

«አጥንትሽ ተሰብሮ ነው?» አልኳት።

አስካለ አባቴን አየችው፤ ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አዎን ኢንተላ ኮ፣ ተሰብሬ ነበር። ዋቃ ይመስገን፣ ድኛለሁ።»

አባቴም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። በወለጋ አንጮቴ ከተሰበረ ሰው ሌላ ለማን እንደሚቀርብ የገባኝ የራሴን ልጅ ወልጄ ስተኛ፣ ያችው አያቴ በጣባ ይዛልኝ ስትመጣ ነው። ለአራስ ነው የሚቀርበው። ያን ቀን ጣባውን ይዤ ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ ምጡ የረበሸኝ መስሏቸው አጽናኑኝ።

አባቴ እጄን ይዞ ወደ ጎጆዋ አስገባኝ። ጨለማ ነው፤ ጭስ ነው፤ መሐል ላይ ፍም አለ። ሽታው ደግሞ አፍንጫን ይመታል፤ የሽንት የሚመስል፣ ግን ደግሞ ወፍራምና ጣፋጭ ነገር ያለበት፣ አንዴ ከገባ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ከእንጨቶቹ ጀርባ ግራጫና ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ነገር ተጠቅልሎ አየሁ። ጎኑ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ጥሪኝ የሌሊት ናት» አለኝ አባቴ በሹክሹክታ። «ጫካ ውስጥ ብትሆን አሁን ቁጥቋጦ ሥር ተኝታ ነበር። ማንም እንዳይቀሰቅሳት ጠባቂ ያስፈልጋታል። ጉሬዛዎቹን አይተሽ የለ? አንዱ ነቅቶ ይጠብቃል። የዚህች ጠባቂ አንቺ ነሽ።»

በርጩማ ሰጠኝ። «እኔ ከአስካለ ጋር መድኃኒቱን አዘጋጃለሁ። ከዚህ አትነሺ። ያየሽውን ለማንም አትናገሪም።»

«ለእማዬም?»

«በተለይ ለእማዬ። እማዬ አስተማሪ ናት፤ ለተማሪ ሁሉ ትነግራለች። ከዚያ ጥሪኟ ትሞታለች።»

ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ሹመት በሕይወቴ ተሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ እንኳ በእጄ አላሸውም፤ ጠባቂ አይንቀሳቀስምና። አባቴ ከቆርቆሮው ቤት የሚመለሰው ፍሙ አመድ ሊሆን ሲል ነው።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ልቅሶ ሰማሁ። ቀጭን የሕፃን ልቅሶ። ጥሪኟን አየኋት፤ አልተንቀሳቀሰችም። ደንግጬ ወደ በሩ ስሮጥ አባቴ ቀድሞኝ ደረሰ።

«አለቀሰች!» አልኩት።

ወደ ቆርቆሮው ቤት ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ትከሻዬን ያዘ። «እያለመች ነው» አለኝ። «ጥሪኝ ስታልም እንደ ሕፃን ታለቅሳለች።»

«አፏ እኮ አልተከፈተም።»

«ሕልም በአፍ ነው እንዴ የሚታለመው?»

ይህ መልስ እንዴት ጥሩ መልስ ሆኖ እንደታየኝ! አባቴ ስለ እንስሳ ካስተማረኝ ሁሉ ውሸቱ ይህ አንድ ብቻ ነው። የቀረውን ኋላ እየፈለግኩ በመጽሐፍ አረጋገጥኩት፤ ጉማሬውም፣ ከርከሮውም፣ ጉሬዛውም ልክ ነበሩ። እውነቱን አብዝቶ አስቀምጦ ውሸቱን መሐሉ ላይ አስተኛው።

ሌላ ቀን ከአጥሩ ማዶ የምታልፍ ሴት «አባ ኬኔ!» ብላ ጮኸች። አባቴ «ኦይ!» አለ። በእኛ አገር የወለደ ሰው በልጁ ስም ይጠራል፤ አባቴ ነቀምቴ ላይ አባ ሊሊሴ ነው። ሊሊሴ እኔ ነኝ። በገበያ መሐል ሰው በስሜ ሲጠራው አንገቴ ይረዝም ነበር።

«ኬኔ ማን ናት?» አልኩት።

አባቴ ወደ ጎጆዋ በአገጩ አመለከተ። «እሷ ናት። የማክማት እኔ ስለሆንኩ አባቷ ይሉኛል።»

ቅናት ያዘኝ። በጥሪኝ ቀናሁ። ያን ቀን በርጩማው ላይ ቁጭ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጋ ብዬ በእንጨቶቹ መሐል አየኋት፤ ስሜን የወሰደችብኝ ምን እንደምትመስል ለማወቅ። ዓይኗ ክፍት ነበር። ሁለት ፍም የሚመስሉ ዓይኖች ቀጥ ብለው ያዩኛል።

ለአባቴ ነገርኩት። «አንዳንድ እንስሳ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል» አለኝ። አሁን ሳስበው ተኝታ አልነበረችም። ተኝቶ አልነበረም ማለት አለብኝ፤ ዝባድ ለማግኘት የሚታጎረው ወንዱ ነው፤ ኬኔ ደግሞ የሴት ልጅ ስም ነው። ያ እንስሳ መዞር በማይችልበት ጠባብ ቦታ፣ በቀን ጭስ ውስጥ፣ አንዲት ልጅ ቁጭ ብላ እንቅልፉን ስትጠብቅለት ነቅቶ ያያት ነበር።

ቤት ስንመለስ እናቴ ውሃ አሙቃ ትጠብቀኛለች። ሻሼን ፈትታ ጠጉሬን ታሸታለች፤ ከዚያ ጎንበስ አድርጋ በሳሙና ታጥበኛለች። ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴ ሦስት ጊዜ፣ የራስ ቆዳዬ እስኪያቃጥለኝ። የመንገዱ አቧራ ነው ትላለች።

«ምን አየሽ?»

«ጉሬዛ።»

«ሌላስ?»

«ጉሬዛ ብቻ።»

እጇ ጠጉሬ ውስጥ ይቆማል። ትጠብቃለች። እኔ በሳሙናው አረፋ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ በኩራት ልፈነዳ እደርሳለሁ፤ አንዲት ነፍስ በእኔ ዝምታ በሕይወት አለች። ከዚያ ውሃው ይወርዳል።

አጥባኝ ስትጨርስ ሶፋው ላይ ትጋደማለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ነጠላዋን እስከ ትከሻዋ ስባ። አባቴ ጫማውን አውልቆ በጣቱ ይራመዳል። እኔም ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ «ጨል፣ ተኝታለች» እለዋለሁ፤ አስካለ ዝም በሉ ስትል እንደምትለው። የሁሉም እንቅልፍ ጠባቂ ሆኜ ነበር።

ነገሩ የፈረሰው ገበያ ላይ ነው። ፋሲካ ሊደርስ ሲል ሦስታችንም ወጣን። እናቴ ዘንቢሏን ይዛ ሽንኩርት ትመርጣለች፤ አባቴ እጄን ይዟል። ከቅቤ ሻጮቹ ረድፍ አንዲት ሴት በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤዋን ትታ ብድግ አለች።

«አባ ኬኔ! አካም ጅርቱ? ኬኔን አካም ጅርቲ?» እንዴት ነህ፣ ኬኔስ እንዴት ናት ማለቷ ነው። ከአርጆ የመጣች ነበረች፤ ፊቷ በደስታ ያበራል።

የአባቴ እጅ በእጄ ውስጥ ላብ አላበው። እናቴ ከሽንኩርቱ ቀና አለች። በዚያ ሁሉ ዓመት በኦሮምኛ ስትመልስ ሰምቻት የማላውቀው እናቴ ጥርት አድርጋ «ኬኔን ኤኙ?» አለች። ኬኔ ማን ናት?

ሴትዮዋ አንዴ እናቴን፣ አንዴ አባቴን አየችና ቁጭ ብላ የቅቤዋን ቅጠል ታስተካክል ጀመር። አባቴ አንገቱን ደፋ። አባቴ ችግር ላይ እንደወደቀ ገባኝ፤ እናቴ የተቆጣችውም እኔ ስለቀናሁበት ነገር መሰለኝ። በስሜ ፋንታ በሌላ ስም ተጠራ! ሕጉ ትዝ አለኝ፤ ግን የአባቴ ፊት ሲያሳዝነኝ ጊዜ አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ ኬኔ እኮ ሰው አይደለችም!» አልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ጥሪኝ ናት! አባዬ ነው የሚያክማት። ቀን ቀን ትተኛለች። ስታልም እንደ ሕፃን ታለቅሳለች።»

«እንደ ሕፃን» አለች እናቴ።

«አዎ! እኔ ነኝ የምጠብቃት። አባዬና አስካለ ቤት ውስጥ መድኃኒት ሲሠሩ እኔ እጠብቃታለሁ።»

ከኋላችን አንድ ሰው ሳቀ። የቅመም ሻጯ ሴት «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ስትል ሰማኋት። እናቴ ወደ ሽንኩርቱ ዞረች። አንድ በአንድ እያገላበጠች መረጠች፤ በዋጋ ተከራከረች፤ ገዛች፤ ወደ ቤት ሄድን። ያዳንኩት መስሎኝ መንገዱን ሙሉ የአባቴን ጣት እየጨበጥኩ ሄድኩ። እሱ ግን አልጨበጠኝም።

በሳምንቱ አባቴ ሻንጣውን ሞተሩ ላይ ሲያስር አገኘሁት። ፊቱ ወደ በሩ ስለነበረ ማዞር አላስፈለገውም።

«አባዬ፣ ኬኔ ሞተች?» አልኩት።

ገመዱን ጠበቅ አደረገ። ቢፈልግ ያን ጊዜ እውነቱን ሊነግረኝ ይችል ነበር። አልሞተችም ማለት ብቻ እንኳ ይበቃኝ ነበር።

«ነግሬሽ ነበር ሊሊ» አለኝ ሳያየኝ። «ከተወራ እንቅልፍ አታገኝም ብዬሽ ነበር።»

«ታማለች?»

«ሄጄ ልጠብቃት ነው።»

«እኔ ልጠብቃት! ይዘኸኝ ሂድ!»

«አንቺማ ተናገርሽ» አለኝ።

ሞተሩ ተነስቶ ወጣ። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩለትም። ሚስቱን ትቶ መሄድ የብዙ ወንድ ነገር ነው፤ ሰውም ይለምደዋል። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ላይ ግን የራሱን ኃጢአት ጭኖ፣ ሻንጣ ካሰረበት ገመድ በጠበቀ ገመድ አስሮ መሄድ ሌላ ነገር ነው።

ለዓመታት ስለ ጥሪኝ ጸለይኩ። ቤተ ክርስቲያን የልጆች ክፍል ውስጥ የጸሎት ርዕስ ያለው ሲባል እጄን አውጥቼ «እንቅልፍ ላጣች ጥሪኝ» እላለሁ። አስተማሪዋ ከንፈሯን ነክሳ ትጸልያለች። ከፍ ስል አባቴ ሌላ ቤት እንዳለው ገባኝ፤ የዚያ ቤት ሰው ስም ግን በእናቴ ቤት አይነሳም ነበርና ኬኔ በራሴ ውስጥ ጥሪኝ ሆና ቀረች። እኔ የገደልኳት ጥሪኝ።

ሁለተኛ ደረጃ ስማር አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አባቴ በር ላይ ቆሟል። ቀዩ ሞተር አርጅቷል። ቤንዚን መያዣው ላይ፣ እኔ እቀመጥበት የነበረው ቦታ፣ ሹራብ የለበሰች ፍንጭት ልጅ ተቀምጣለች።

«ኬኔ፣ ውረጂ፤ እህትሽን ሳሚያት» አላት።

ልጅቱ ወርዳ እጇን ዘረጋችልኝ። ከአፌ የወጣው «አልሞትሽም እንዴ?» የሚል ነበር። አባቴ ሳቅ ለማለት ሞከረና ተወው። ልጅቱ ግን ቅር አላላትም፤ የምትነግረኝ ነገር ነበራት።

«ጉሬዛ እንዴት እንደሚተኛ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ሁሉም አንድ ላይ አይተኙም። አንዱ ነቅቶ ይጠብቃል። ያ አንዱ ከሌለ ቤተሰቡ የለም።»

ቃል በቃል። ወርካው ሥር በጆሮዬ የተነገረኝ፣ የእኔ ብቻ ነው ብዬ የያዝኩት። ቤታችንን ትቶ ወደነሱ ሲሄድ፣ በእኔ ስም ፋንታ በሷ ስም ሲጠራ ችዬ ነበር፤ ይህን ግን አልቻልኩም። ልጅቷን ሳልስም ዞሬ ሄድኩ። ኬኔ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ እንደዋወላለን፤ ያን ቀን ግን አባታችን ሳይጠራኝ ሞተሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ካረፈ አሁን ቆይቷል፤ «አንቺማ ተናገርሽ» ያለኝን ቃል ሳያነሳልኝ ነው ያረፈው።

«ጥሪኝስ?» አለች ናኦሚ በረንዳው ላይ። ከትምህርት ቤት መጽሐፏ ሥዕሉን አግኝታለች።

መልስ ሳልሰጣት እናቴ እጇን በፎጣ እያደረቀች ወጣች። «ጥሪኝ ቀን ነው የሚተኛው» አለች። ያን ስም ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ከዚያ ለናኦሚ «ሂጂ እስቲ ከጓሮ ሎሚ ልቀሚልኝ» አለቻት። ልጄ ሮጠች።

ከልጅነቴ ጀምሮ ልናገረው የምፈልገው ነገር ነበር። «እማዬ፣ ያኔ ገበያ ላይ... እኔ እውነት መስሎኝ ነው። አንቺ በእኔ አፍ በመስማትሽ...»

«አውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ሁሉን። ገና ከመነሻው።» ፎጣውን አጣጠፈች። «ጃኬቱ ትከሻ ላይ የደረቀ ወተት ነበር። ጥሪኝ ሰው ትከሻ ላይ አያቀረሽም።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። «ታዲያ እኔን ለምን ትልኪኝ ነበር?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቄ ያስገረማት ይመስል አየችኝ። «አንቺን ይዞ ሲሄድ ማታ ይመለሳል። ብቻውን ሲሄድ ያድራል።»

«ጠጉሬን ስታጥቢኝስ? ምን አየሽ ስትዪኝ?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ፤ ልጄ ናት፣ ከኔ አትደብቅም ብዬ።» ያጣጠፈችውን ፎጣ መልሳ ዘረጋች። «አልነገርሽኝም። ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ ፊት ነገርሽኝ።»

«የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ!» ብዬ ጮህኩ። «እሱ ዘበኛ አደረገኝ፤ አንቺ የሱ ማሰሪያ ገመድ አደረግሽኝ። እናት ነሽ እኮ!»

አልጮኸችብኝም። «ሰው ባያውቅ እኖርበት ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ቅዳሜን እየተኛሁ አሳልፌ እኖርበት ነበር። ሰው ካወቀ ግን አይኖርበትም። አንቺ ተናገርሽ።»

ተነስታ ገባች። እኔ በረንዳው ላይ ቀረሁ። ያንኑ ቃል በሁለት አፍ ሰማሁት። እሱ ሲሄድ የጫነብኝን፣ እሷ ያን ሁሉ ዓመት አብራኝ በልታ፣ አብራኝ ጸልያ፣ ስለ ጥሪኟ እንደምጸልይ ከልጆች ክፍል አስተማሪዬ እየሰማች፣ ከላዬ አላነሳችልኝም። አባቴን መጥላት ለምጄው ነበር። ለሷ ግን የተዘጋጀሁበት ነገር አልነበረኝም።

ስገባ ሶፋው ላይ ተጋድማለች፤ ፊቷ ወደ ግድግዳ፣ ነጠላዋ እስከ ትከሻዋ። ናኦሚ ሎሚዎቹን በቀሚሷ ይዛ በጓሮ በር ገባች። አያቷን ስታይ በጣቷ መራመድ ጀመረች፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እሽሽ... ተኝታለች» አለችኝ።

«አልተኛችም» አልኩ፤ ድምፄን ሳልቀንስ።

ናኦሚ ጎንበስ ብላ አየቻት። «ዓይኗ ግን ተከድኗል።»

«ድኩላም ዓይኗ ይከደናል።»

ልጄ አንዴ እኔን፣ አንዴ አያቷን አየች። ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባትም። ሎሚዎቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረችና ጠጋ ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ይሄን ለሰው ልናገር፣ ወይስ ምስጢር ነው?»

«ተናገሪ» አልኳት። «ለጠየቀሽ ሁሉ ተናገሪ፣ የኔ ልጅ።»

እናቴ ፊቷን ከግድግዳው ሳታዞር ነጠላዋን ወደ ጆሮዋ ሳበች።